አረንጓዴ አልሆን ያለው ጠብታ

ታራፓዶን ያገኘሁት እሁድ ጠዋት ካልካታ፣ ጋሊፍ ጎዳና፣ ዓሣ ሻጮቹ መሃል ነው። ከነውሃቸው በላስቲክ የታሰሩ ዓሦችን እያነሳ ያያል፣ መልሶ ያስቀምጣል።

«ጋሼ፣ ይገዛሉ ወይስ ለልጅዎ እያጯቸው ነው?» አለው ሻጩ።

«የገደልኳቸው ይበቁኛል» አለና ጥሎት ሄደ። ሻይ ጋበዝኩት፤ ወሬውም ያኔ ወጣ።

ታራፓዶ የሆሚዮፓቲ መድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነው። ቤቱ ባለው የዓሣ ገንዳ ዕፅዋት ያበቅላል፤ ስኳርና እርሾ በለስላሳ ጠርሙስ አብላልቶም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅላቸዋል። ጋዙ ሲያንስ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ሲበዛ ዓሣው ይታፈናል። አምና በዝቶ ዓሦቹ በሙሉ አለቁበት። አዲስ ዓሦች ገዝቶ፣ ዳግመኛ ላለመግደል ሲል መለኪያ ሠራ፦ አፉ የተደፋ ብርጭቆ ከነአየሩ ውሃው ውስጥ አጣበቀና በአየሩ ውስጥ ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ አቆመ። ብልቃጧ ውስጥ በልክ ሶዳ የገባበት፣ ለባትሪ የሚሸጥ የተጣራ ውሃና ቀለም የሚቀይር ጠብታ አለ። ሰማያዊ ከሆነ ጋዙ አንሷል፣ አረንጓዴ ልክ ነው፣ ቢጫ አደጋ ነው።

«ስኳሩን ሁሉ ለሣር አጠጣኸው፤ እኔ መራራ ሻይ ልጠጣ?» ትለዋለች አብራው የምትኖረው የአባቱ እህት፣ ፒሺማ።

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ ፒሺማ።»

መጀመሪያ አረንጓዴ ሆነለት። ከዚያ የተረፈውን የባትሪ ውሃ ከጸሎት መደርደሪያው አጠገብ ካስቀመጠበት ጠርሙስ ቀድቶ የብልቃጧን ውሃ ቀየረ፤ ሰማያዊ ሆነ። ስኳር ጨመረ፣ ሰማያዊ። ሁለተኛ የእርሾ ጠርሙስ ቀጠለ፣ አሁንም ሰማያዊ! ብልቃጧን አጠበ፣ ጠብታውን የሸጠለትን ሰው ረገመ። ዓሦቹ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ እንኳ መለኪያውን አምኖ «ርቧቸው ነው» ብሎ አበላቸው። ከሥራ ሲመለስ ግማሾቹ ተገልብጠዋል።

ጋዙን ወደ ገንዳው የሚያስገባውን ቱቦ በጥሶ ጣለው።

«የጋንጋው ውሃ አልተስማማቸው ይሆን?» አለች ፒሺማ ቀስ ብላ።

«የቱ የጋንጋ ውሃ?»

«ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነዋ! ያንተውን የጋንጋ ወንዝ ጠበል መስሎኝ ቤቱን ረጨሁበት። ኋላ ትዝ ሲለኝ ከራሴ ጠበል ሞላሁልህ። ከባትሪ ውሃ አይሻልም?»

የወንዝ ውሃ ኖራና ጨው አለበት፤ ጋዙ ቢበዛም ቀለሙን ቶሎ አያስለውጥም። ታራፓዶ ጠርሙሱን አጥቦ አዲስ የባትሪ ውሃ ሞላበት።

ወሬውን እዚህ ላይ አብቅቶ ሻዩን ጨርሶ ተነሳ።

«ዓሣ ሳትገዛ?» አልኩት።

«እንዴት ልግዛ! ጠርሙሱ ላይ ‹መርዝ› ብዬ ጻፍኩበት። ትናንት ሳየው፣ መርዙ እንዲሽርልኝ ብላ ጋንጋ ጠብ አድርጋበታለች።»