ኒካህ ምን ማለት ነው?

ኒካህ ሲታሰር ብዙ ጊዜ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፤ የቃሉን ትርጉም የጠየቅሁት ግን እህቴን የዳርኩ ዕለት ነው። አባታችን ስለሞተ ወሊዋ፣ ማለትም እሷን የምድረው፣ እኔ ነበርኩ። ታላቄ ናት። ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ሙሽራው የአቀስታ ነጋዴ ነው፤ ሽማግሌዎቹን ይዞ መካነ ሰላም እኛ ቤት መጣ።

ሰዉ እስኪሰበሰብ ኒካሁን የሚያስሩትን ሼህ ስለ ቃሉ ጠየቅኋቸው።

"ዐረቦቹ ዝናብ አፈር ውስጥ ሲዘልቅ፣ የዛፎች ቅርንጫፍ ሲጠላለፍም ኒካህ ይሉታል" አሉኝ። "የኛውስ ጋብቻ ከመግባት የመጣ አይደል?"

ደስ አለኝ። ግጥም እሞክራለሁና እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ልቤ ይሸፍታል። ዝናቡንና አፈሩን እያሰብኩ ፈቃዷን ልጠይቅ ለእህቴ ጅዳ ደወልኩላት።

"ምስክሮቹም ይስሙ እንጂ!" አሉ የሙሽራው አጎት። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት።

"እቴ፣ ለሱ ልዳርሽ?"

ዝም አለች። ከኋላዋ የቧንቧ ውኃ ሲወርድ ይሰማል፤ መስመሩ አልተቋረጠም።

"እቴ?"

"ኧረ ልጂቱን አታስጨንቃት!" ብለው ሳቁ አጎትየው። "ያላገባች ልጅ ዝምታዋ እሽታዋ ነው።"

ሼሁም ልክ ነው በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን የእህቴን ዝምታ አውቀዋለሁ። ስታፍር ትስቃለች፤ ዝም የምትለው ሲከፋት ነው። ይህን እያወቅሁ የሙሽራውን እጅ ጨብጬ "እህቴን ድሬልሃለሁ" አልኩ። ዱዓ ተደረገ፤ ተምር ዞረ።

በዓመቱ ከጅዳ ተመልሳ አቀስታ፣ ባሏ ቤት ገባች። ለኢድ ልጠይቃት ሄድኩ። ባሏ ከመስጊድ አልተመለሰም ነበር።

"ያን ቀን ለምን እምቢ አላልሽም?" አልኳት።

"ያ ሁሉ ሽማግሌ እየሰማ?" የጋቢዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። "ስልኩን ይዘህ ደጅ ትወጣለህ ብዬ እኮ ነው የጠበቅሁት። ወላሂ ብትወጣ እነግርህ ነበር።"

የኛን ቤት አሰብኩ። ከምንጣፉ እስከ በሩ ሦስት እርምጃ አይሞላም።

ባሏ ደህና ሰው ነው። አይመታትም፣ አይሰድባትም። ክፉ ቢሆን ሽማግሌ ሰብስቤ ፍቺ እጠይቅላት ነበር። አሁን ምን ብዬ?

እሱ ሲገባ "አማቼ! ዛሬማ አላድርም አትበለኝ!" ብሎ አቀፈኝ። እህቴ ተነሥታ የእጅ ውኃ አመጣች። ለሱ አፈሰሰችለት፤ ለኔም አፈሰሰችልኝ። እየታጠብኩ ፊቷን ፈለግሁት። ቀና አላለችም።