ሕዋሱ ይሞታል

የታሰርሁት በአንዲት ወረቀት ነው። ምርጫው ባለፈበት ክረምት ደብረ ማርቆስ ያለውን ቤቴን ሲፈትሹ መጻሕፍቴን አንድ በአንድ አራገፏቸው። ምንም ሲያጡ ከባዮሎጂ ማስታወሻዬ መሐል እሷን መዘዟት። ለሳይንስ ክበብ ተማሪዎቼ ስለ ካንሰር መድኃኒት በቀላል አማርኛ ያዘጋጀኋት ነበረች። እንዲህ ትላለች፦ «አንዱ ሕዋስ ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱ አራት። ለመባዛት ግን የተጠማዘዘው ገመድ መፈታት አለበት። ቆራጩ ገመዱን ቆርጦ ያላላል፤ መልሶም ይቀጥላል። ቆራጩን እንደቆረጠ ከያዝነው ግን የሚቀጥል አይኖርም። ሕዋሱ ይሞታል።»

መርማሪው ዕድሜው የገፋ ሰው ነበር። በእሱ ወጣትነት ሕዋስ ማለት በድብቅ የሚሰበሰብ የፖለቲካ ቡድን ነው። ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አነበባት።

«ገመዱ የስልክ ነው የመብራት?»

«ዲኤንኤ ነው ጌታዬ። በሰው ገላ ውስጥ ያለ የዘር ክር።»

«ይኸ ሰሙ ነው። እኔም የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ወርቁን አምጣ!»

ቅኔ በሚዘረፍበት አገር ቀጥተኛ ነገር መጻፍ ጣጣ ነው።

ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ነበረች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መነጋገር አይቻልም፤ ሲያባራ ደግሞ የእርጥብ ጋቢ ሽታ ያፍናል። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ጠጋ በል ልጄ፣ እዚህ አያፈስም» አሉኝ። ጢም የላቸውም፤ ቅንድብም የላቸውም። በደብረ ኤልያስ አካባቢ ቅኔ የሚያስተምሩ የኔታ ነበሩ። በንግሥ በዓል በተቀኙት ቅኔ ውስጥ አንድ ሰው እሳቸው ያላስገቡትን ወርቅ አገኘሁ ብሎ አሳስሯቸዋል።

ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው አንገታቸው ላይ ያለውን እብጠት አሳዩኝ። «አዲስ አበባ ቀይ መድኃኒት በደም ሥሬ ይሰጡኛል። ሦስቴ ወስጃለሁ። እንደ ዕንቁላል የነበረው እንደ ባቄላ ሆነ። አራተኛው ለማርያም ነው።»

ማርያም አምስት ቀን ቀርቷት ነበር።

ቀዩን መድኃኒት አውቀዋለሁ። ወረቀቴ የምታወራው ስለ እሱ ነው። ከጋቢያቸው ጫፍ ሁለት ክር መዝዤ አጠማዘዝሁና መሐሉን በጣቴ ከፈትሁት። በላይ ስፈታው በታች ከረረና ተቋጠረ።

«ይህን ቋጠሮ የሚቆርጥ፣ የሚያላላና መልሶ የሚቀጥል አለ፤ ቶፖአይሶሜሬዝ ይሉታል» አልኋቸው። «መድኃኒትዎ ልክ እንደቆረጠ እጁን ይይዘዋል። ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሁሉ በዚህ ይሞታል። ጢምዎም የረገፈው ለዚህ ነው።»

«እኔ ደግሞ ኃጢአቴ መስሎኝ!» ብለው ሳቁ። ክሩን ከእጄ ወስደው ግን፣ «ቀኑ ቢያልፍስ?» አሉኝ።

«ያልሞቱት እንደገና ይባዛሉ» አልኋቸው። ያን ጊዜ መዋሸት ነበረብኝ፤ አልዋሸሁም።

በማግስቱ ለመርማሪው አንድ ሐኪም እንዲያስጠራ ለመንሁት፤ ለወረቀቷም ለሽማግሌውም የሚመሰክር። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከሕዋስህ የሦስት ሰው ስም ስጠኝ። ሽማግሌው ለማርያም አዲስ አበባ ይገባሉ፤ በእኛ መኪና» አለኝ። በደግነት ነበር የተናገረው። ከዱላ ይልቅ ያን ደግነቱን ነው እስከ ዛሬ የምጠላው። ሦስት ስም ሳላስብ መጣልኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ «እስከ ማርያም ዋዜማ ጊዜ ይስጡኝ» ብዬ ወጣሁ።

ለየኔታ ሁሉንም ነገርኋቸው። በጣሳ በሶ እየበጠበጡ ነበር።

«ሰዎቹ ሕዋስ ናቸው?»

«ምሳ አብረን የምንበላ መምህራን ናቸው።»

«ልጆች አሏቸው?»

«ሁለቱ አሏቸው።»

በሶው ከተበጠበጠ በኋላም ለረጅም ጊዜ ማማሰላቸውን አላቆሙም። «ተው ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «በሐሰት ወርቅ የዳነ አንገት ለቅኔ አይሆነኝም። እግዜርም አይሰማኝ።»

እኔ አለቀስሁ እንጂ እሳቸው አላለቀሱም። ቆራጩ እንዴት እንደሚያዝ እስከ ስሙ አውቃለሁ፤ አንድ በሽተኛ በአንዲት በር ማሳለፍ ግን አልችልም። ዕውቀቴን ጠላሁት።

በዋዜማው መርማሪው ባዶ ወረቀት ሰጠኝ። ያንኑ የቀድሞውን ጽሑፍ ቃል ሳልቀንስ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፍሁት። ከግርጌው፣ «ይህን መድኃኒት ነገ መውሰድ ያለባቸው አንድ ሰው እዚህ ታስረዋል» ብዬ ፈረምሁ። አነበበውና መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

በማርያም ጠዋት የኔታ በጀሪካን ውኃ እግራቸውን ታጠቡ፤ ነጠላቸውን አጣፉና ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ተቀመጡ። ምናልባት ብለው ነው። እኔም አብሬያቸው ተቀመጥሁ። ሰው በመጣ ቁጥር ቀና እንላለን። እኩለ ቀን ሲያልፍ ነጠላቸውን አጥፈው አኖሩና፣ «በል፣ ሰው ስንጠብቅ እህል አንጣላ» አሉኝ። ለእኔ ቆርሰው አጎረሱኝ።

በጥቅምት ሁለታችንንም ያለ ምንም ቃል ለቀቁን። ያን ጊዜ እብጠቱ በነጠላ የሚሸፈን አልነበረም። አራተኛውን መድኃኒት በኅዳር ወሰዱ፤ ሐኪሙ እንደ በፊቱ አልሠራም አለ። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ዐረፉ። ቀኑ ባያልፋቸው ኖሮ ይድኑ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፤ ይህን ማንም ሊያውቅ አይችልም አለኝ። ስሞቹን ብሰጥ ኖሮ መርማሪው ቃሉን ይጠብቅ እንደሆነም አላውቅም። ሰው ደግ አደረግህ ይለኛል። እኔ ግን ደግ ያደረግሁ አይመስለኝም።

አምና ከሦስቱ መምህራን አንዱ ልጁን ዳረ። በድግሱ ላይ ሰሐን ይዤ ሳልበላ ቆይቻለሁ መሰለኝ፣ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ምን ሆንህ? አትበላም እንዴ?»

«የኔታ ትዝ አሉኝ።»

«የትኛው የኔታ?»

«አንተ አታውቃቸውም» አልሁትና ጎረስሁ።