ሽማግሌዎቹ የተቀመጡ ቀን

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ሶስና ስልኳን አፌ ሥር ደቅና፣ «እማማ፣ የትምህርት ቤት ሥራ ነው። ደርግ የወደቀ ጊዜ የት ነበርሽ?» አለችኝ።

«ከበር ኋላ» አልኳት።

«ኧረ የምሬን ነው!» ብላ ተቆጣች። እኔስ መቼ ቀለድኩ?

ግንቦት ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ፣ ከሐዋሳ ፒያሳ ጀርባ ያለው መንገዳችን እርጥብ አፈር ይሸታል። እናቴ ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል ያስመጣችውን አሳ ትጠብሳለች። ለማን እንደሆነ አልተናገረችም፤ እኔ ግን የሰፈራችን ልጅ ዳንኤል ሊያገባኝ ሽማግሌ የሚልክበት ቀን መሆኑን አውቄያለሁ።

አባቴ ከጎጃም መጥቶ ሐዋሳ የቀረ አስተማሪ ነበር። ወንድሜ ግርማ ለውትድርና ወደ ሰሜን ከተወሰደ ወዲህ አባቴ ራዲዮኑን ዘግቶ አያውቅም። እኩለ ቀን ግድም ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ፤ እኔ ከጓዳው በር ኋላ ተደበቅሁ። አባቴ «ተቀመጡ» አላቸው።

«መምህር፣ እሺ ካላሉን አንቀመጥም» አሉ መሪያቸው አቶ ሳሙኤል። ወጉ ነው፤ ሽማግሌ ቆሞ ይለምናል።

«ልጄ ጦር ሜዳ እያለ እዚህ ቤት ድግስ አይደገስም። በሰላም ሂዱ።»

ከበሩ ኋላ ሆኜ ሰማሁ። አባቴ አንዴ ካለ አለ ነው። ዳንኤልን አጣሁት፣ አለቀልኝ አልኩ።

ይሄኔ ነው ራዲዮኑ የተናገረው፤ ፕሬዚዳንቱ አገር ለቀው ሄደዋል። ከጓዳ የዘይቱ ድምፅ ይሰማል። አባቴ ወለሉ ላይ ዘጭ አለ።

«የኔን ልጅ ለማን ጥሎት ሄደ?» ብሎ አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ሳሙኤል ጋቢያቸውን ሰብስበው አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ሁለቱም ተከተሏቸው።

አባቴ ቆይቶ ቀና አለ። «እሺ ሳልላችሁ ተቀመጣችሁ?»

«ታዲያ አባት ወድቆ ቆመን እንየው? የልጅቷ ነገር ይቆየን፤ መጀመሪያ ልጅዎ ይምጣ።»

አባቴ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «በሉ ሰጥቻችኋለሁ። ድንኳኑ ግን ግርማ ሲመጣ ነው።»

ባይመጣስ? ያን የጠየቀ አልነበረም። አሳው አርሮ ነበር፤ አርሮም ተበላ።

ክረምቱን ሙሉ ዳንኤል በየማለዳው መናኸሪያ እየሄደ፣ ከአውቶቡስ የሚወርዱትን የተበተኑ ወታደሮች ሁሉ «ግርማን ያያችሁ አላችሁ?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ያን ጊዜ ነው ከልቤ የወደድኩት። አደይ ሲፈነዳ አንድ ከሲታ ሰው በእግሩ መጥቶ ደጃችን ቆመ። ግባ ቢሉት እምቢ አለ።

«ተሸንፌ ነው የመጣሁት፣ አባባ።»

አባቴ እጁን ስቦ አስገባው። «ተቀመጥ» አለው።

ሶስና ስልኳን ዝቅ አደረገች። አያቷ ዳንኤል ከመስኮቱ ሥር፣ ሐይቁን እያየ፣ ለብቻው ፈገግ ይላል። እኔ ዓይኔን በነጠላዬ ጠረግኩ።

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ከበር ኋላ ነበረች በዪ» አልኳት፤ «በሩ ግን ትንሽ ገርበብ ያለ ነበር።»