የእናት ነጠላ

ስርጉት ደብረ ታቦር ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ሕፃናት ማቆያ ሞግዚት ናት። አዲስ ልጅ በመጣ ቁጥር እናትየዋም በር ላይ ቆማ አብራ ታለቅሳለች። ይሄኔ ስርጉት ትቆጣለች።

«በቃ! ነጠላሽን ትተሽለት ሂጂ፤ ጠረንሽን ሲያሸት ይተኛል።»

እውነትም ይተኛል። የሌሎችን ልጅ በማላመድ እሷን የሚያክላት የለም።

የራሷን ልጅ ዓይናለምን ግን ጡት እንዳስጣለቻት እብናት ያሉት እናቷ ዘንድ ነው የተወቻት። ማቆያው የሠራተኛ ልጅ እንጂ የሞግዚት ልጅ አይቀበልም ተባለች። «ሞግዚት ሠራተኛ አይደለችም እንዴ?» ብላ ተሟግታ ነበር።

ዘንድሮ እንደ ትልቅ ውለታ ተፈቀደላት። አያትየዋ ልጅቱን አዝለው መጡ። ስርጉት «ነይ የኔ እናት» ብላ እጇን ብትዘረጋ፣ ዓይናለም አያቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ ጩኸቷን አቀለጠችው። እሹሩሩም አሻንጉሊትም ተሞከረ፤ ጭራሽ ባሰባት።

አያትየዋ በር ላይ ቆመው እንባቸውን ይጠርጋሉ። ስርጉት እሳቸውን መቆጣት አቃታት።

«እማዬ» አለች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፤ «ነጠላሽን ትተሽላት ሂጂ።»