መብራቱ አይደለም ያቃጠለው

ይህን ለሚስቴም አልነገርኳትም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው፤ በሚያውቁኝ ሰዎች ፊት ብልህ መምሰል ለምጄአለሁ።

የአባቴን ሬዲዮ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

አባቴ አንጋጫ ነው የሚኖረው። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ማንበብ ትቷል፤ ስብከቱም፣ ዜናውም፣ የከምባትኛው ፕሮግራምም የሚመጣለት በባትሪ ድንጋይ ከሚሠራ አሮጌ ትራንዚስተር ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሆሳዕና ሄድኩና ድንጋይ ከመግዛት ላሳርፈው ብዬ፣ ቤቴ የተረፈውን የዲሽ ሪሲቨር አዳፕተር ሰካሁለት። ለምን? ጫፉ ልክ ስለገባ! የገባ ሁሉ ይሆናል ያለኝ ማን ነው? አዳፕተሩ ላይ አሥራ ሁለት ቮልት ተጽፏል። ሬዲዮው የሚወስደው አራት ድንጋይ ነው፤ እያንዳንዱ አንድ ተኩል፣ በድምሩ ስድስት ቮልት። ይህን ለመደመር ስንት ዓመት መማር ያስፈልጋል? ከቀዳዳው አጠገብም የመሰኪያው መሃል ኔጌቲቭ እንዲሆን የሚያዝ ምልክት አለ፤ የእኔው አዳፕተር መሃሉ ፖዘቲቭ። ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት ሳይቀር የማነብ ሰውዬ ያን አላነበብኩም። ሁለቱንም የሚያሟላ አዳፕተር ጠይቄ ብገዛ ምን ይቀርብኝ ነበር? ሬዲዮው አንዴ ጮኸና ዝም አለ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ።

"ምንድን ነው ልጄ?" አለ አባቴ።

"መብራቱ ነው፣ አባባ። ኃይል ጨምሮ ለቀቀው።"

እኛ አገር ከዚህ የተሻለ ውሸት የለም፤ መርማሪ አያገኘውም። ጎረቤቶች ሊያጽናኑት መጡ።

"የእኔንስ ፍሪጅ አልበላብኝም?" አለች አንዷ።

"ፍሪጅሽማ ድሮም ባዶ ነበር!" አላት ባሏ። ተሳቀ። እኔም እንደ ተጎጂ አብሬ ሳቅሁ።

አዲስ ሬዲዮ ወሰድኩለት። ጣቶቹ ግን የሚያውቁት የአሮጌውን ቁልፍ ነው፤ ጣቢያውን ፈልጎ ያጣዋል፣ ይዘጋዋል። ማታ ማታ ጭር ባለ ቤት ይቀመጣል። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ መብራቱ አይደለም።

ከሁሉ የሚብሰው ጸሎቱ ነው። አባቴ ቂም አይወድም። በሄድኩ ቁጥር ከእራት በፊት፣ "ጌታ ሆይ፣ የመብራት ሠራተኞቹን ይቅር በላቸው፤ ሆን ብለው አላደረጉትም" ይላል።

እኔም "አሜን" እላለሁ። ጮክ ብዬ!

ሰው ይሳሳታል አትበሉኝ። አዳፕተሩን ስሰካ ተሳሳትኩ፤ አሜን ስል ግን የምለውን አውቃለሁ። ይቅርታችሁንም አልለምንም። ሬዲዮው የእናንተ አልነበረም።