መካን ያልኳት ማሽላ

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ መመለስ ከሰለቸኝ ቆየ። ቆቦ ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ «የአበባ አቧራ የምታይ» ይሉኛል፤ ከእሳቸው የተሻለ ያስረዳልኝ ሰው አላገኘሁም። ማሽላ ስታብብ የምታራግፈው ብናኝ አለ። እኔ የማጠናው ያንን ብናኝ የሚያበጀውን ወይም የሚያበላሸውን ዘረመል ነው። በመስከረም ጎህ ሲቀድ ማሳ እገባለሁ፤ ፀሐይዋ ሳትበረታ አበባ ለቅሜ ወደ ቢሮ እሮጣለሁ፤ ከዚያ አንገቴ እስኪደርቅ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀረቅራለሁ። ስወጣ ቀትር ሆኖ ይጠብቀኛል፤ የራያን ቀትር ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ይህ የምነግራችሁ የሆነው በሦስተኛ ዓመቴ ነው። በመጀመሪያው ዓመት መንገድ ተዘግቶ የዘር ወቅት አለፈን። በሁለተኛው ግሪሳ ወፍ ወርዶ አገዳውን ብቻ ተወልኝ። በሦስተኛው አለቃዬ ስልክ ደውሎ «ዘንድሮ ካልሆነ እንዘጋዋለን» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም ደክሞታል።

ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ነው። የራሷን ብናኝ ማበጀት የማትችል የማሽላ ዓይነት አለች። አበባዋ ያምራል፣ ሴቴ ክፍሏ ጤነኛ ነው፤ ብናኟ ግን ባዶ ነው። በወረቀት ላይ «ወንዴ መካን» እንላታለን፤ ማሳ ላይ ለምላስ እንዲቀል «መካኗ» ብለን እናሳጥረዋለን። እሷን በበጋው በመስኖ ዘርቼ፣ ጎብዬ አካባቢ ገበሬ ከሚዘራው የአገር ማሽላ ጋር አዳቀልኳትና ክረምት ላይ ልጆቿን ዘራሁ። አባትየው ብናኝ የሚመልስ ዘረመል ካለው ልጆቹ የራሳቸው ብናኝ ይኖራቸዋል። የሌላ ብናኝ እንዳይደርሳቸው ከማበባቸው በፊት አርባ ዛላቸውን አንድ በአንድ በወረቀት ከረጢት ሸፈንኩ። ከረጢት ውስጥ ፍሬ ከያዙ ዘረመሉ አለ፤ ካልያዙ የለም። ሦስት ዓመት የለፋሁት ለዚያች ለአንዲት «አለ» ነበር።

ማማ ላይ ሆነው ወፍ የሚጠብቁልን አንዲት ሴት ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የተጠጋ፣ በወንጭፍ የሚስተካከላቸው ወንድ ያልነበረ። አንድ ቀን ማማው ጥላ ሥር ምሳ ስንበላ ጠየቁኝ።

«እኔ እምልሽ ልጄ፣ ይችን ማሽላ መካን መካን ስትሏት እሰማለሁ። ምን ሁና ነው?»

«እሷስ ምንም አልሆነች፣ እትዬ። ጉድለቱ የወንዴው ነው። ከሌላ ብናኝ ቢደርሳት ጥቅጥቅ ብላ ታፈራ ነበር።»

«ታዲያ መካንነቱ ለምን ወደሷ ዞረ?»

«እንዲያው ስሙ ነው» አልኳቸው። መልስ እንዳልሆነ ገብቶኛል፤ ግን ደክሞኝ ነበርና ወደ ምሳዬ ተመለስኩ።

ልጆቿ ሲያብቡ ብናኛቸውን ወስጄ አየሁ። ጤነኛ ብናኝ አዮዲን ሲነካው ይጠቁራል፣ ባዶው ገርጥቶ ይቀራል። የእኔዎቹ ሁሉም ገረጡ። አዮዲኑ ቆይቶብኝ ነው አልኩ። በማግሥቱ ደግሞ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ማይክሮስኮፑን ጎድቶት ይሆናል አልኩ። ሰው የማይፈልገውን ሲያይ መነጽሩን ነው የሚወለውለው።

ከሳምንታት በኋላ ከረጢቶቹን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ውስጥ ፍሬ አለ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። አርባውንም ስጨርስ እዚያው አገዳው መሃል ተቀምጬ አለቀስኩ። ፎቶ አንስቼ ለአለቃዬ ላክሁለት። ወዲያው ደውሎ ሳቀ፤ ሲስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ ማማው ሮጥኩ።

«እትዬ! ያዙ! ሁሉም ፍሬ ያዙ!»

«አልሃምዱሊላህ! ይዘውት ነው? እንዲያው ልቤ ፈርቶ ነበር። ጧት ጧት ከረጢቱን ገለጥ እያረግሁ ከዚያ ማዶ ካለው ማሽላ ብናኝ አራገፍሁላቸው። በጋ አንች ስታረጊው አይቸ አይደል! መልሸም እንደነበረው ሸፈንሁት። ወላሂ አንድ ወፍ አልነካቸውም።»

ጮህኩባቸው። በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ላይ፣ ሰው እየሰማ፣ «ሦስት ዓመቴን ገደል ከተቱት!» ብዬ ጮህኩ። ዛሬም ሳስታውሰው አፍራለሁ። እሳቸው ከማማው ወርደው ወንጭፋቸውን መሬት ላይ አኖሩና አጠገቤ ተቀመጡ።

«እኔም መካን ተብየ ነው የተፈታሁ» አሉ። «ስምንት ዓመት ኑሬ። እናቱ ናት ያስፈታችኝ። ከኔ ወዲያ ሁለት አገባ፤ እነሱም አልወለዱ። አገሩ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ‹ምስኪን፣ ሦስት መካን ገጠመው!›»

እሳቸው ሳቁ። እኔም ንዴቴ ሳይወጣልኝ ሳቅሁ።

«አንች ያን ቀን ጉድለቱ የወንዱ ነው ስትይ እህል አልበላልሽ አለኝ። እስቲ ልየው አልሁ።»

እስቲ ልየው። ደመወዝ እየተከፈለኝ ሦስት ዓመት ስል የኖርኩት ይህንኑ ነው። ልዩነታችን፣ እሳቸው ያዩትን አመኑ፤ እኔ ያየሁትን ወለወልኩት። የገረጣው ብናኝ እውነቱን ነግሮኝ ነበር።

ለአለቃዬ ደወልኩ። «ፍሬው ከውጭ በገባ ብናኝ የመጣ ነው። ብናኛቸው ባዶ ነው፤ ዘረመሉ የለም» አልኩት። «በይ እሺ፣ ጽፈሽ ላኪልኝ» አለኝ። መዝገቤ ላይ «አለ» ያልኩትን ሰርዤ «የለም» ብዬ ጻፍኩ።

ሌላ ዘር የገባበት ዛላ ይወገዳል። በማግሥቱ አርባውንም ማጭድ ይዤ ቆረጥኳቸው፤ እሳቸው እየተከተሉ ሰበሰቡልኝ። ስንጨርስ ክምሩን አገላብጠው በጣም የሞላውን መረጡና «ይችን ስጭኝ» አሉ።

«ለዘር አይሆንም እኮ፣ እትዬ።»

«ለዘር አይደለም። ሮቢት ልወስደው ነው።»

«ማን ጋ?»

«ያስፈታችኝ አማቴ ጋ። አለች እኮ፣ በሕይወት አለች።» ዛላውን በሻሻቸው ጠቅልለው ታቀፉት። «ዓይኗ ጠፍቷል። ግድ የለም፤ በጇ ትዳብሰዋለች።»