ወደ አዲ አርቃይ፣ ለእናቴ ተዝካር

ዓርብ ንጋት ላይ ልጄን ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ ከጎንደር ተነሣሁ፤ ለእናቴ የአርባ ቀን ተዝካር ልደርስ። ሞቷን የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው። ስሟን ቀይራ ለምትኖር ሴት ማን መርዶ ይነግራታል? ሰባት ዓመት ሙሉ ከልጄ ጋር ጎንደር ተሸሽጌያለሁ። ባሌ ደባርቅ ነው፤ «ልጄን እወስዳለሁ፣ አንቺንም አልምርሽም» ብሎ ምሏል።

ዳባት ላይ ሁሉም ለሽሮ ሲወርድ እኔ በሶዬን ይዤ ከኋላ ወንበር አልተነቃነቅሁም። ደባርቅ ስንገባ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብሁ።

«ምነው ልጄ፣ በረደሽ?» አሉኝ ጎኔ ያሉት ሽማግሌ።

«ወባ ነው አባቴ።» ውሸቱንማ ለምጄዋለሁ። ሊማሊሞን ቁልቁል ተጠማዝዘን ድብ ባሕር ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን።

አዲ አርቃይ፣ ቅዳሜ ጠዋት

እንግዳ ሳይሰበሰብ መቃብሯ ላይ ደረስሁ። ቄሱ ፍትሐቱን አድርሰው፣ «ለሕያዋንም ልጸልይ። ልጅ አለሽ?» አሉኝ።

«አለች።»

«ስመ ክርስትናዋ?»

«ወለተ ሥላሴ።»

«ደብሯስ?»

እኔ ጅሏ! ለሾፌሩም ለቀበሌውም የሚዋሽ አፌ ቄስ ፊት ፈራ። የጎንደሩን ደብራችንን እቅጩን ነገርኋቸው።

ከኋላዬ ግንቡን ሲሳለሙ የነበሩ ሰው ዘወር አሉ። የባሌ አጎት አያ መኮንን! ለተዝካሩ ከደባርቅ መጥተው ኖሯል።

«ሸጋ ደብር ነው፣ አውቀዋለሁ» አሉና ስልካቸውን አወጡ።

«አያ መኮንን፣ በእናቴ አፅም!»

«ምነው? የገዛ ልጁ አይደለችም?» ብለው መደወል ጀመሩ።

እህል ሳልቀምስ መኪና ፍለጋ ሮጥሁ። ለጎረቤቴ ለእትዬ ዘነቡ ብደውል አይነሣም። ሊማሊሞ ዳገት ላይ የጭነት መኪና ፊታችን ይጎተታል።

«ኧረ በማርያም፣ እለፈው!» ስለው ሾፌሩ፣ «እኅቴ፣ ገደል ልግባልሽ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ደባርቅ ላይ ግን ነጠላዬን ገልጬ ባሌን በየመንገዱ ፈለግሁት። ባየው ደስታዬ ነበር፤ ጎንደር አልሄደም ማለት ነዋ። አላየሁትም።

ጎንደር፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ልጄን እትዬ ዘነቡ ጓዳ አገኘኋት። አቅፌያት አለቀስሁ።

«እማዬ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት በር ላይ አንድ ሰውዬ ‹ወለተ ሥላሴ› ብሎ ተጣራ።»

«አንቺስ?»

«‹አቤት› አልኩት። የቤተ ክርስቲያን ሰው መስሎኝ። እስከ ቤት ሸኘኝና ‹እናትሽ ስትመጣ እመለሳለሁ› ብሎ ሄደ።» አባቷን በመልክ አታውቀውም።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ቢኖር፣ እኔ መደበቅ ለመድሁ እንጂ ልጄን አለማስተማሬን ነው። እንዴትስ ብዬ ላስተምራት?

«ልብስሽን ሰብስቢ» አልኋት።

«የት ልንሄድ ነው?»

ከጎንደር ውጭ የነበረችኝ ዘመድ እናቴ ብቻ ነበረች።